ከአጥር ሥር የታየ ኮከብ

ፈርዶሳ ጆሮዋን የቆርቆሮው አጥር ላይ ለጥፋ ከንፈሯን በንቀት ገለበጠች። ጨረቃዋ የሮቤን ከተማ ቀን አስመስላታለች፤ ጎረቤቷ አስተማሪው ግን ሚስቱንና አሮጊት እናቱን ግቢው መሃል ፍራሽ ላይ አንጋሎ ተወርዋሪ ኮከብ ይጠብቃል። "ጨረቃዋን በመዳፋችሁ ከልሏት" ይላቸዋል። ተምሮ ተምሮ እዚህ ደረሰ! ሚስቱስ ብትሆን? የእራት ሳህኗን ሳታጥብ ሰማይ ታንጋጥጣለች። ፈርዶሳ እነዚህን ጅሎች ለማየት ብላ በዚህ ብርድ አልቆመችም፤ ባልና ሚስቱ ትናንት ሲጨቃጨቁ ስለሰማች፣ ነገ ገበያ ይዛው የምትወጣው አንድ ቃል ቢያመልጣቸው ብላ ነው።

"ልጄ፣ ኮከብ እንዲሁ አይወረወርም" አሉ አሮጊቷ። "የሰማይን ወሬ ሊሰርቅ ጆሮውን የሚጥል ሸይጣን አለ። መላእክት እሱን ነው የሚመቱበት።"

"አሁን ይሄን የማያውቅ አለ?" አለች ፈርዶሳ በሆዷ። "ሕፃን እንኳ ቁርአን ቤት ይማረዋል።"

ሐሳቧን ሳትጨርስ ከጎባ በኩል አንድ ኮከብ ሰማዩን ሰንጥቆ በአናቷ ላይ አለፈ። አጥሩ ጨረቃዋን ከልሎላት ነበርና ጭራው ሳይቀር ታያት። "ያ ረቢ! አያችሁት?" ልትል አፏን ከፈተች።

"እስካሁን ምንም የለም" አለ አስተማሪው ከወዲያ ማዶ፣ ተስፋ ቆርጦ። "አንድ ሰው እንኳ ቢያይ ምን ነበር!"

ፈርዶሳ አፏን በሻሿ ጫፍ አፈነች። ከዚያ ጆሮዋን ከቆርቆሮው ቀስ ብላ አላቀቀችና በጥፊ እንደተመታ ሰው በእጇ ሸፈነችው።