ጠዋት የነቀልሁት

መርማሪው የእናቴን የቀኝ ዓይን ቆብ በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ባትሪውን አበራበት። ከዳር እስከ ዳር አየና ለቀቀው። ግራውን አልነካውም፤ እሱ ነጭ ከለበሰ አራት ዓመት ሆኖታል።

«የሚወጋ ጸጉር የለዎትም እናቴ» አላት። «ቅባት ይሰጥዎታል። ተረኛ!»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከቁንዝላ እስከ ባሕር ዳር በጀልባ ስንመጣ ነፋሱና የውሃው ነጸብራቅ ተባብረውባት፣ መንገዱን ሁሉ ነጠላዋን ተከናንባ ስታነባ ነው የመጣችው። ጸጉር ከሌላት ታዲያ ምን አስለቀሳት? ከዚያ ገባኝ።

የነቀልሁት እኔ ነኝ። ሹም አቦ ሰፈር ካደርንበት ከዘመዳችን ቤት ደጃፍ፣ ፀሐይ ወጣ ስትል ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አስተኝቼ፣ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ሽፋሽፍቷን አንድ በአንድ በወረንጦ ለቀምሁት። እንደ ልማዳችን የነቀልሁትን በግራ እጄ ጀርባ ላይ ደረደርሁት፤ አሥራ አራት ነበር። ከዚያ እጄን ታጠብሁና ጸጉሩ ከውሃው ጋር ሄደ። እኛ ዘንድ ሰው ፊት የሚቀርብ ይታጠባል፣ ይጸዳል፤ እንዴት እያነባች ሐኪም ፊት ላቁማት? ደግሞ በመንደራችን እንደ እኔ የሚነቅል የለም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

«ዶክተር!» አልሁ፣ እናቴን እተቀመጠችበት ትቼ ወደ በሩ ተከትዬው። ዶክተር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከአዲስ አበባ ከሐኪሟ ጋር የመጣ ጤና ረዳት ነው፤ አበራ ሲሉት ሰምቻለሁ። የቸገረው ሰው ግን ሹመት አይሰስትም። «አላት እኮ! ዛሬ ጠዋት እኔ ነቅዬው ነው። ወላሂ!»

ሰውዬው ደክሞታል። «እህቴ፣ ሐኪሟ ጸጉሩ ዓይን ሲነካ ካላየች ቆቡን ገልብጣ አትሰፋም። የስፌት ክሩ ለሃያ ሰው ብቻ ነው፤ በር ላይ ያለውን ሕዝብ እያየሽው ነው። ነቅያለሁ ያለን ሁሉ ከጻፍኩ የባሰበት ይቀርብኛል።»

«ያላት እኮ አንድ ዓይን ነው!»

ወደ እናቴ ተመለሰ። ባትሪውን እንደገና አብርቶ ጎንበስ አለና በጣም ቀርቦ አየላት። የዚያን ጊዜ ያህል አላህን ለምኜው አላውቅም።

«ጥሩ አድርገሽ ነቅለሻል» አለኝ ቀና ሲል። ክፋት አልነበረበትም፤ ያናደደኝም ይኸው ነው። ወደ በሩ ሲመለስ አሁንም ተከተልሁት። «በሁለት ሳምንት ብቅ ይላል። ያኔ አምጫት።»

«ያኔ ትኖራላችሁ?»

«ነገ እንመለሳለን። ለከርሞ ምናልባት።»

ለከርሞ! ግራው ዓይኗ የጠፋው በአንድ በጋ ነው። መዝገቡን ነጥቄ ስሟን ራሴ ልጻፍበት አሰኘኝ፤ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ስም መጻፍ ተምሬያለሁ። ግን የእኔን ጽሕፈት ማን ይቀበለዋል? ቅባቱን ተቀብዬ፣ እናቴን ክንዷን ይዤ ከቀበሌው አዳራሽ ወጣሁ።

ከግድግዳው ጥላ ሥር ስትቀመጥ ፊቷ በርቷል።

«የሚወጋ ጸጉር የለም አለኝ፣ አይደል?»

«አዎ።»

«አልሐምዱ ሊላህ!» እጄን ስባ ሳመችው። «የልጄ እጅ ከምላጭ አዳነኝ። አልነገርሁሽም እንጂ እኮ ፈርቼ ነበር፣ ዘኪያ።»

እጄን ከእጇ አላወጣሁትም።

አጠገባችን ወይዘሮ አገርነሽ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ጠዋት ሰልፉ ላይ ነው የተዋወቅነው። ብርሃን ሽሽት ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው አውርደዋል። የእናቴን ደስታ ሲሰሙ ወደ እኔ ተጠጉ።

«የኔ ልጅ፣ የእናትሽን እንዲህ ካጸዳሽ እስቲ የእኔንም። ይነቅልልኝ የነበረው ልጄ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ የሚያይልኝ አጣሁ። እንዲህ ሆኜ ሐኪም ፊት መቅረቡን አፈርሁ።»

ነጠላቸውን ገልጠው ፊታቸውን ቀና አደረጉልኝ። ዓይናቸው አብጧል፤ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌናቸውን ይፍቃል።

«ንቀይላቸው እንጂ!» አለች እናቴ በኩራት። «እጇ ቀላል ነው እትዬ፣ አያምዎትም።»

እጄ ወደ መቀነቴ ሄደ፤ ወረንጦውን የምቋጥረው እዚያ ነው። ዝም ብል እናቴ ደስ እንዳላት አገሯ ትገባለች። ዝም ብል እኒህም ሴት እንደኛ ይመለሳሉ።

«አይሆንም፣ እማማ» አልሁ። ድምፄን ዝቅ ላደርገው ሞከርሁ፤ እናቴ ግን ዓይኗ ደከመ እንጂ ጆሮዋ ደህና ነው። «ማንም እንዳይነካዎት። ጸጉሩን ካላዩት አይሰፉልዎትም፤ ይመልሱዎታል።»

ወይዘሮ አገርነሽ ነጠላቸውን መልሰው አወረዱ። ተራቸው ሲጠራ ግድግዳውን እየዳበሱ ገቡ።

እናቴ እጄን አልለቀቀችም። በሌላው እጇ ሌባ ጣት የቀኝ ዓይኗን ቆብ ጠርዝ ከአፍንጫዋ በኩል ጀምራ እስከ ጥጉ ዳሰሰችው። ተመልሳም ዳሰሰችው።

«አንድ እንኳ አላስቀረሽልኝም?» አለችኝ።