ሕጋዊው ውጅግራ

በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት ወር፣ የእህል ነጋዴው ጀላሉዲን የጠመንጃ ፈቃድ ይሰጠኝ የሚል ማመልከቻ ይዞ ባሕር ዳር ፖሊስ ጣቢያ ቀረበ። ቴምብሩ በቦታው ተለጥፏል፤ ጽሑፉም በመኪና የተጻፈ ነው። የጎደለው የሰውየው ጤንነት ነው ብለው ያሙት ብዙ ናቸው።

ሐሜተኞቹ ምክንያት ነበራቸው። ከሦስት ሳምንት በፊት የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች ለመሣሪያ አሰሳ ቤቱ ገብተው ነበር። አልጋ ገለበጡ፣ ጆንያ ቀደዱ፣ የጓዳውን ወለል በዶማ ቆፈሩ። ምንም አላገኙም። ሲወጡ ግን የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጁን ዓሊን ይዘው ወጡ። ዓሊ ከዚያ ወዲያ ሐይቁ ዳር ባለ አሮጌ መጋዘን ታስሯል። አብረውት ከታሰሩት ሁለቱ አንድ ቀን በመኪና ተወስደው አልተመለሱም።

ጀላሉዲን የቀበሌውን ሊቀመንበር ቢያዝንን ሄዶ ለመነው። በር ዘግተው ሩብ ሰዓት ያህል ተነጋገሩ። ምን እንደተባባሉ የሰማ የለም። ጀላሉዲን ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። በማግስቱ ማመልከቻውን አጻፈ።

የፈቃድ ክፍሉ ዐሥር አለቃ ዓምደ ሚካኤል ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ጠመንጃ ምን ሊያደርግልዎት ነው?»

«ለንግድ አንበሳሜ እወጣለሁ። መንገዱ ሽፍታ አለበት።»

«ወንጀል ሠርተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«ከሰው ጋር ጠብ አለዎት?»

«የለኝም» አለ።

ዐሥር አለቃው የቀረውን ነገረው፤ አራት ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የጣት አሻራ፣ ሁለት ዋስ፣ ደግሞ ከቀበሌው ሊቀመንበር የድጋፍ ደብዳቤ። የመጨረሻውን ሲናገር ቀና ብሎ አየው። ዓሊን ማን እንዳሰረው ያውቃል። ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል ብሎ ደስ አለው። ክፉ ሰው አልነበረም።

ደብዳቤው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። ቢያዝን ራሱ ፈርሞበታል፤ ማኅተሙም ደማቅ ነው። «አመልካቹ ለአብዮቱ ታማኝ፣ በጠባዩም የተመሰገነ በመሆኑ ትብብር እንዲደረግለት።» ሰፈሩ ጉድ አለ። ሰው የገዛ ሞቱን በማኅተም ሲያጸድቅ እስከዚያ ድረስ አልታየም።

አንደኛው ዋስ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ገብረ መስቀል ነው። ልጁ የታሰረበት ሰው ዋስ ሁነኝ ሲለው እምቢ ማለት አልሆነለትም። ከፈረመ በኋላ ግን ምግብ አልበላ አለው። ጭንቀቱ ሲብስበት ቀበሌ ሄደ። ቢያዝን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰንጠረዥ ቆሞ ይመለከት ነበር። በየቀበሌው የተሰበሰበው መሣሪያ ብዛት ተጽፎበታል፤ የእሱ ቀበሌ ረድፍ ባዶ ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔስ ፈረምሁ» አለ ገብረ መስቀል። «ግን ሰውየው መሣሪያውን ይዞ እርስዎ ዘንድ ቢመጣስ?»

«ይምጣ። ሰኞ ጧት ቢሮ አለሁ።»

ገብረ መስቀል ሊቀመንበሩም እንደ ነጋዴው ሳይነካው አልቀረም ብሎ ወጣ።

ፈቃዱ ሲደርስ ጀላሉዲን ወደ ይፋግ ሄደ። በበቅሎ ሄዶ በአውቶቡስ ተመለሰ። መሣሪያቸውን ለመሸጥ የተፈቀደላቸው አንድ ሽማግሌ የተወለወለ ምንሽርና የዛገ ውጅግራ አሳይተውት ነበር። አንበሳሜ የሚወጣባት በቅሎ ለምንሽሩ አልበቃችም፤ ውጅግራውን ወሰደ።

«ከአንድ ጥይት በላይ አልምልልህም» አሉት ሽማግሌው።

ሚስቱ መዲና ጠመንጃውን ስታይ እግሩ ላይ ወደቀች።

«ልጄን ልታስጨርስብኝ ነው? አንተ አንዱን ብትገድል እነሱ ዓሊን ይተውታል? አላህን ፍራ!»

«ልጅሽን ላመጣልሽ ነው።»

አላመነችውም። እያለቀሰች ጓዳ ገባች። ሥራ ይዛ ለመርሳት ይሁን ወይ ከንዴት፣ ጠባቂዎቹ የቆፈሩትን ወለል ልትደፍን ዶማ አነሳች።

«ተይው፣ እኔ እደፍነዋለሁ» ብሎ ተቀበላት።

ሰኞ ጧት ጀላሉዲን ውጅግራውን በትከሻው አንግቶ፣ ፈቃዱን በኪሱ ይዞ ወጣ። ሸማኔዎች ደጃፋቸውን ዘጉ። ዓሣ የምትሸጠው ሴት ዓሣዋን ሰብስባ ሸሸች። ገብረ መስቀል ስፌቱን አቁሞ በመስኮት አየው። ጠመንጃው አፈር ለብሷል። ሰውየው መሣሪያውን እንኳ ሳይወለውል ለመግደል መቸኮሉን ታዘበ። መዲና ነጠላዋን እየጎተተች ከኋላው ትሮጣለች።

በሩ ላይ የቆሙት ጠባቂዎች መሣሪያውን አዩ። ፈቃዱን አልጠየቁም። ገለል ብለው አሳለፉት።

ቢያዝን ጠረጴዛው ላይ መዝገብ ዘርግቶ ለብቻው ተቀምጧል። ጀላሉዲን ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። መዲና ደጁ ላይ ተንበረከከች። ተከትሏት የመጣው ገብረ መስቀል ጆሮውን በሁለት እጁ ደፈነ።

ሊቀመንበሩ ፈቃዱን ተቀብሎ ቀደደው፤ መዝገቡ ላይ «ከጀላሉዲን ጓዳ ወለል ሥር ተቆፍሮ የተገኘ ድብቅ መሣሪያ፣ አንድ» ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ ዓሊን እንዲያመጡት አዘዘ።