የኤሊዋ መብራት

«አልበራም» ይላሉ አባቴ፣ እጃቸውን የኤሊዋ ሳጥን ውስጥ ዘርግተው።

በርቷል። ነጭ ብርሃኑ ዓይኔን ይወጋኛል፤ የጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ሳይቀር ወለል ብሎ ይታያል። የአባቴ የመሪጌታ ዓይን ግን ከጠፋ ቆይቷል፤ መብራት የሚያዩት በመዳፋቸው ነው። ከባሕር ዳር ድረስ እንደ እንቁላል ተጠንቅቄ ያመጣሁት አምፖል የሚያበራ እንጂ የሚያሞቅ አለመሆኑ አሁን ገና ይገባኛል። በራሴ እናደዳለሁ።

ኤሊዋ የሩዝ ገለባው ላይ አንገቷን ቀብራ ድንጋይ መስላለች። አምና የርብ ወንዝ ሞልቶ ማሳውን ሲያጥለቀልቀው አንድ ገበሬ ጭቃ ውስጥ አግኝቶ ያመጣላቸው ናት። እናቴ ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት ከእሳቸው ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር እሷ ብቻ ናት። ከእኔ ጋር እንዲኖሩ ብለምን ብለምን፣ ደብሬን ትቼ የትም አልሄድም አሉ። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ደግሞ ደውዬ እንዴት ነዎት ባልኳቸው ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው፤ እሳቸው ደህና ናቸው፣ ኤሊዋን ግን በርዷታል። ሳትሞትባቸው አሙቄላቸው ልሄድ ነው የመጣሁት።

ስልኬ ይጮኻል። ሾፌሩ ዘመኑ ነው፤ ከወረታ መገንጠያ ሆኖ መኪናው ሊሞላ መሆኑን፣ ከዚህ በኋላ ዛሬ ሌላ እንደማላገኝ ይነግረኛል። መጣሁ እለዋለሁ። ቦርሳዬን አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። በሩ ላይ ቆሜ ዝናቡን አያለሁ። ከዚያ ነጠላዬን ተከናንቤ ጫጩት ወደምታሳድገው ጎረቤታችን ወደ አማከለች እሮጣለሁ።

ጫጩቶቿ ላባ አብቅለዋል፤ የሚያሞቃቸው መብራት ከእንግዲህ አያስፈልጋቸውም። ኤሊም ጫጩት ሆነች ወይ እያለች እየሳቀችብኝ፣ የድሮውን ቢጫ አምፖል በጨርቅ ይዛ ትፈታልኛለች።

ነጩን አውጥቼ ቢጫውን እገጥማለሁ። ክፍሉ ደብዘዝ ይላል። አባቴ መዳፋቸውን ይዘረጋሉ።

«አሁን በራ።»

ስልኩ እንደገና ይጮኻል፣ አላነሳውም። ሳጥኑ አጠገብ ቁጢጥ እላለሁ፣ እነሳለሁ፣ እንደገና ቁጢጥ እላለሁ። እባክሽ ተነሽ እላታለሁ በልቤ። ሞታ ባገኛትስ? ማን ሊቀርላቸው ነው? አባቴ ፊታቸውን ወደ እኔ ያዞራሉ።

«ሂጂ፣ ሰብለ ወንጌል። መኪናው ጥሎሽ ይሄዳል።»

ትንሽ ልያት እላቸዋለሁ። ስልኩ ጮሆ ጮሆ ዝም ይላል።

በስንት ጊዜ አንገቷን ብቅ ታደርጋለች። ወዲያው አንድ እግሯን፣ ከዚያ ሌላውን ትዘረጋለች። ገለባውን እያንኮሻኮሸች ከብርሃኑ ወጥታ፣ ጎመን ወዳስቀመጥኩላት ጥግ ትሄዳለች። እፎይ እላለሁ፤ ደስታዬ እንባ እንባ ይለኛል። አሁን ከሮጥኩ እደርሳለሁ። ቦርሳዬን አንግቼ ጉልበታቸውን ለመሳም ጎንበስ እላለሁ።

«እየበላች ነው፣ አባቴ» እላቸዋለሁ። «ከመብራቱ ወጥታለች። ከእንግዲህ እጅዎን ያንሱት።»

«ትንሽ ይቆይ» ይላሉ።

አምፖሉ ሥር የቀረው ባዶ ገለባ ነው። አባቴ ሁለተኛውንም እጃቸውን ይጨምራሉ፤ መዳፎቻቸውን እያገላበጡ ይሞቃሉ።