የይስማው የጠዋት ሰላምታ

በ2006 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ወይዘሮ የብርጓል የእህታቸውን ልጅ ማርያማዊትን ለመዳር ቆረጡ። ሙሽራም አግኝተዋል። አስማማው ይባላል። ደጀን ላይ ሁለት አይሱዙ አለው፤ ሲናገር እንደ መኪኖቹ አቀበት የሚወጣ ይመስላል።

ማርያማዊት ደብረ ማርቆስ በአንድ ኮሌጅ ኮምፒውተር ታስተምራለች። ተማሪ ፊት አንደበቷ ይፈታል፤ ከክፍል ስትወጣ ግን በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ነው የምትናገረው። አስማማውን አልፈልግም ልትል ደጋግማ አክስቷ ፊት ቆማለች፤ ደጋግማም «ሻይ ላምጣ?» ብላ ተመልሳለች።

ለጊዜው ያዳናት ይስማው ነው።

ይስማው ዘማርያም ፌስቡክ ላይ ያለ ሰው ነው። አዲስ አበባ እኖራለሁ ይላል። ፎቶው ላይ ጀርባውን ሰጥቶ የዓባይን በረሃ ይመለከታል። ማርያማዊት ማታ ፎቶ ትለጥፋለች፤ አንዳንዴ የይጁቤን መንገድ፣ አንዳንዴ ደመና። ይስማው ጠዋት ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ላይክ ያደርገዋል። ከሥሩም «እንደምን አደርሽ ማርያማዊት? ቀኑ የተባረከ ይሁንልሽ» ብሎ ይጽፋል።

ይህን ለወይዘሮ የብርጓል የምታነብላቸው ነፊሳ ናት። ገበያው ውስጥ ሱቃቸው ግድግዳ ይጋራል፤ እሳቸው የአገር ልብስ ይሸጣሉ፣ እሷ ጫማ።

«ዛሬስ ምን አለ?»

«እንደምን አደርሽ አለ።»

«ትናንትም ይህንኑ ብሏል።»

«ነገም ይላል እትየ። ጠባዩ አይለዋወጥም።»

ወይዘሮ የብርጓል የአስማማውን ሽማግሌዎች ቀጠሮ አራዘሙ። እንዲህ የሚያስባትን ሰው ሳያዩ ለሌላ መስጠት ከበዳቸው። ለማርያማዊት ግን ቁርጡን ነገሯት።

«እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ፊቱን ያሳይ። ካላሳየ ለአስማማው እሺ እላለሁ።»

ማርያማዊት አንገቷን ደፋች።

በነገሩ የነቃችው ነፊሳ ናት። ከሆሳዕና በፊት ማርቆስ ላይ መብራት ሁለት ቀን ጠፋ። ይስማውም ሁለት ቀን ጠፋ። መብራቱ ሲመጣ እሱም መጣ።

«አዲስ አበባማ መብራት ነበር፤ ወንድሜ ነግሮኛል» አለች። «እትየ፣ ይህ ሰው እዚሁ ነው ያለው። ደግሞ በእጁ አይደለም የሚጽፈው። ሰው ሆኖ እንዲህ ደቂቃ የማያዛንፍ የት አለ? ይህ አበረ ያስተማረን ነገር ነው።»

አበረ ከማርያማዊት ጋር አንድ ቢሮ የሚጋራ መምህር ነው። ቢሯቸው ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ሳይጠፋ ስለሚያድር ጥበቃው ሁልጊዜ አበረን ይቆጣዋል። ጥቅምት ላይ ለከተማው ነጋዴዎች ፌስቡክ ላይ በራሱ የሚጽፍ ፕሮግራም ስለመሥራት የቅዳሜ ሥልጠና ሰጥቶ ነበር። ሌሎች ሠርተው ያስቀመጡት ላይብረሪ የሚባል ዝግጁ ፕሮግራም አለ፣ ከፌስቡክ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው፣ የእናንተ ሥራ ማዘዝ ብቻ ነው አላቸው። ሰሌዳው ላይ የጻፋቸው ትእዛዞች በነጥብ እየተያያዙ እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ይነበቡ ነበር፤ ገጹን ክፈት፣ አዲሱን ፎቶ ፈልግ፣ ላይክ አድርግ፣ ከሥሩ ጻፍ፣ ነገም ድገም።

ነጋዴዎቹ አንቀላፉ። ጥያቄ የጠየቀችው በፕሮጀክተሩ ልታግዘው የመጣችው ማርያማዊት ብቻ ነበረች። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፕሮግራሙ በራሱ ይነሣል ወይ አለችው። አበረ ፊቱ ቀላ።

«ይ... ይነሣል።»

ነፊሳ ያን ፊት አልረሳችውም።

የዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ የብርጓል አበረን ወደ ሱቃቸው አስጠሩት። ማርያማዊት ጥግ ላይ ቀሚስ ታጥፋለች። ነፊሳ በሩን ተደግፋ ቆማለች።

«ልጄ፣ ይስማው የሚባለው አንተ ነህ?»

አበረ ማርያማዊትን አየ፤ ቀጥሎ ጫማውን አየ።

«ካልሆንክ ደግሞ ንገረኝ። ነገ የአስማማው ሽማግሌዎች ይመጣሉ።»

«እኔ ነኝ» አለ አበረ።

«ታዲያ በራስህ ስም ምን አለ ብትጽፍ?»

«ፈርቼ ነው።»

«ማንን? ይህችን?»

ነፊሳ ሳቀች። ማርያማዊት ያጠፈችውን ቀሚስ ዘርግታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

ወይዘሮ የብርጓል ግን ነጋዴ ናቸው፤ በእጃቸው ሳይዳስሱ አይገዙም።

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ለእኔም በስሜ እንደምን አደሩ በለኝ። ያን ጊዜ አምንሃለሁ።»

«እሺ እትየ» አለ አበረ።

ማርያማዊት ቢሮ የረሳሁት የፈተና ወረቀት አለ ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። አበረ ነፊሳ ውኃ እስክትሰጠው ድረስ ከተቀመጠበት አልተነሣም።

በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ ሁሉም ነፊሳ ሱቅ ተሰበሰቡ። አበረ እንቅልፍ ያላየ ዓይን ይዞ መጣ። ነፊሳ ስልኳን ከፈተች።

«እንደምን አደርሽ ማርያማዊት? እትየ የብርጓልም እንደምን አደሩ? ቀኑ የተባረከ ይሁንላችሁ።»

የተጻፈው ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው።

አበረ ስልኩን ተቀብሎ አነበበ። ደግሞ አነበበ። ስልኩን ለነፊሳ መልሶ ጫማውን አየ። ወይዘሮ የብርጓል ይህን ከጨዋነቱ ቆጥረው ደጀን ደወሉ፤ ሽማግሌዎቹ እንዳይደክሙ ነገሯቸው።

ሠርጉ ግንቦት ላይ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ይስማው ጽፎ አያውቅም። አበረ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ያን ፕሮግራም እንዴት እንደጻፈው ያወራል። መጀመሪያ ሠላሳ መስመር ነበር ይል ነበር፤ ዘንድሮ ሁለት መቶ ደርሷል። ሚስቱ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ታዳምጠዋለች።

እኔ ሚስቱ የጻፍኩት አምስት መስመር ብቻ ነበር።