የሱራፌል ጊታር

አገኘነው! ከጠዋት ጀምሮ መርካቶን ስናስስ ውለን፣ የምሞትለት ዘፋኝ፣ የሱራፌል ፊርማ ያለበትን ጊታር አገኘነው! ልክ እሱ የሚጫወትበት ዓይነት፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ። ልጮህ ምንም አልቀረኝ!

አባዬ ግን የሱቁን በር ተደግፎ፣ «ፊርማው ይዘፍናል እንዴ? ደክሞኛል የኔ ልጅ፣ እንሂድ» አለ። ድሮ ሆቴል ውስጥ ጊታር ይጫወት ነበር። የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ከቆረጠበት ወዲህ ግን ነክቶ አያውቅም። ክሩን የሚጫነው በነሱ ነበራ!

ጊታሩን እቅፍ አድርጌ መታ ባደርገው፣ ክሮቹ የተገለበጡ ናቸው። ወፍራሙ ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ።

ባለሱቁ ሳቀ። «ሱራፌል ግራኝ አይደል እንዴ? ይሄም የግራኝ ነው።»

በስመአብ! ግድግዳዬ ሙሉ የሱ ፎቶ ነው፣ እንዴት አላየሁም? እንባዬ መጣ።

«እስቲ ስጪኝ» አለ አባዬ። ቁጭ ብሎ ጉልበቱ ላይ አደረገው። የቀኝ እጁ ጣቶች ክሮቹን ቀስ ብለው ፈልገው ተጫኑ፤ በዚያ በጎደለው ግራ እጁ መታ። ተበላሸበት። ደገመው።

«አባዬ፣ ሊዘጉ ነው፣ እንሂድ» አልኩት።

«ቆዪ» አለኝ።