ተራራውን ለማብረድ

መርዶው የደረሰ ዕለት አመለወርቅ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደበበ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲገቡ ስታይ ጎመኑ ከእጇ ወደቀ።

«ተክለጻድቅን ተራራው ወሰደው» አሏት።

ባሏ ተክለጻድቅ ከወናጎ በላይ ባለው ተራራ ላይ የውሃ ቴክኒሻን ነበር። ተራራው ከፈነዳ ጌዴኦን ብቻ ሳይሆን አገሩን በሙሉ አመድ ያለብሳል ስለተባለ፣ ሹሞቹ በጥልቅ ጉድጓድ ቀዝቃዛ ውሃ እየጋቱ ሊያበርዱት ተነሱ። በምርቃቱ «እሳተ ገሞራ በልማት ይሸነፋል» የሚል ባነር ተሰቀለ። አንድ ሹም የመጀመሪያውን ጀሪካን በእጁ አፈሰሰና ተጨበጨበለት። ተራራው አላጨበጨበም።

ተክለጻድቅ ግን ከአለቃው ከኢንጂነር በዛብህ ጋር ሲጨቃጨቅ ነው የከረመው። «ውሃው በአንዴ ከገባ ድንጋዩ እንደ ጋለ ብርጭቆ ይሰነጠቃል፤ ከሥር የታፈነው ሁሉ ይወጣል። መቆጣጠሪያው አርጅቷል፤ ሰው ካልጠበቀው አይታመንም።»

«አዲስ ካማረህ ራስህ ፈልገህ አምጣ!» ብሎት ነበር በዛብህ።

አሁን የተገኘው ሄልሜቱ ብቻ ነው፤ በሚጨሰው ጉድጓድ አፍ ላይ። ሬሳ የለም። አመለወርቅ የምትለምነው አንድ ነገር ነበር፦ ባሏን አግኝታ መቅበር።

ድንኳኑ ሞላ። ጋሽ ደበበ ስም ጠሩ፤ በእሳቸው እድር ከለቅሶ የቀረ ይሰረዛል።

«የፓምፕ ሠራተኞች?»

«አለን ጋሼ! አንድም ሰው አልቀረ!» አለ መቆጣጠሪያውን የሚጠብቀው ተረኛ እዮብ።

ኢንጂነር በዛብህ እዮብን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። «አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ጓደኛዬ ሞቶ የት ልሁን ታዲያ?»

በዛብህ ብድግ አለ። ጎረቤቷ ሀዲጃ የአመለወርቅን ክንድ ጎሰም አደረገች። «አየሽው? ሊያመልጥ ነው። የደበቀው ነገር አለ።»

አመለወርቅ በሩ ላይ ቆመች። «ባሌን የት አደረግኸው? ሬሳውን ሳትሰጠኝ ንቅንቅ አትልም!»

«እህቴ፣ በእግዜር ልቀቂኝ፤ አንድ ጊዜ ተራራው ላይ ደርሼ ልምጣ...»

«ማስረጃ ሊያጠፋ!» አለ አንዱ ከኋላ።

ጋሽ ደበበ ተቆጡ። «ኢንጂነር፣ እዚህ ለቀስተኛ ንፍሮ ሳይቀምስ አይወጣም። ነውር ነው።»

ሁለት ጎረምሶች ትከሻውን ተጭነው አስቀመጡት። ሳህኑ በእጁ ላይ ሲንቀጠቀጥ ንፍሮው ረገፈ። «የገዳይ እጅ!» ተባለ። የሌሎቹም ሳህን መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጋሽ ደበበ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሐዘኑ ከብዷል» አሉ።

«ተናገር!» አለች አመለወርቅ፤ ከበሩ ሳትነቃነቅ።

«እሺ» አለ በዛብህ። ተራራው ግን ቀደመው።

አንባቢ ሆይ፣ ለአመለወርቅና በዚያ ድንኳን ለነበሩት ሁሉ ነፍስ ይማር በል፤ በማግስቱ አዲስ መቆጣጠሪያ ይዞ ከገደብ በሚኒባስ ተመልሶ አመዱ ላይ የቆመው ተክለጻድቅም የሚለምነው ይህንኑ ነው።