የተቀረጸው ስም

በዚያች ትንሽ የፈረንሳይ መንደር በየዓመቱ ኅዳር ላይ ሰው ሁሉ የጦርነቱ ሐውልት ዙሪያ ይሰበሰባል። ከንቲባው ድንጋዩ ላይ የተቀረጹትን ስሞች አንድ በአንድ ይጠራል፤ ሕዝቡ ለእያንዳንዱ «ለፈረንሳይ ሞተ» ብሎ ይመልሳል።

ሽማግሌው እንደ ወትሮው ባርኔጣውን አውልቆ ከፊት ቆሟል። ለመንደሯ አዲስ የሆነችው ዳቦ ጋጋሪ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችው።

«አባቴ፣ ከእነዚህ ውስጥ ዘመድዎ የትኛው ነው?»

በባርኔጣው አንዱን ስም አመለከታት።

«ያ እኔ ነኝ። ከምርኮ ስመለስ ስሜ ተቀርጾ ጠበቀኝ፤ ሚስቴም ሌላ አግብታ።»

«ታዲያ ለምን አይፋቅም?»

ከማዶ ከባሏ ጎን የቆመችውን አሮጊት አየት አደረገ።

«ቢፋቅ እሷ የማን ሚስት ልትሆን ነው?»

ከንቲባው ጮክ ብሎ ተጣራ፦ «አርማን ቫሴር!»

ሽማግሌው ከሕዝቡ ጋር አብሮ መለሰ፦ «ለፈረንሳይ ሞተ።»